የአንድ ዓመት ፖሊሲ፣ የዐሥር ዓመት ኃላፊነት፦ ለሥነ ሕንፃ አማካሪ ድርጅት የመድን ሽፋን አመራረጥ

አኅጽሮተ ጥናት

ይህ አጭር ጽሑፍ በኢትዮጵያ የሚሠራ አነስተኛ ወይም መካከለኛ የሥነ ሕንፃ አማካሪ ድርጅት የንግድ መድን ሽፋኑን በምን መመዘኛ ሊመርጥ እንደሚገባ ይመረምራል። የጽሑፉ ዋና መከራከሪያ የሚከተለው ነው። የንድፍ ባለሙያ ኃላፊነት ሕንፃው ከተረከበ በኋላ ለዓመታት የሚቆይ ሲሆን፣ የሙያ ኃላፊነት መድን ግን አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ዓመት ብቻ የሚጸናና ጥያቄው በቀረበበት ዓመት ላይ የተመሠረተ ነው። በእነዚህ ሁለት ዘመኖች መካከል ያለው ክፍተት ካልታየ ድርጅቱ አረቦን ከፍሎም ያለ ሽፋን ሊቀር ይችላል። ጽሑፉ በመጀመሪያ የኃላፊነትን ምንጮች፣ ቀጥሎ የሽፋን ዓይነቶችን፣ ከዚያም የውል ቃላትን አነባበብ ያቀርባል፤ በመጨረሻም በቁጥር የተደገፈ ማነጻጸሪያና የአመራረጥ ቅደም ተከተል ይሰጣል።

ቁልፍ ቃላት፦ የሙያ ኃላፊነት መድን፣ የሥነ ሕንፃ አማካሪ፣ አረቦን፣ የካሳ ጣሪያ፣ የዐሥር ዓመት ዋስትና

1. መግቢያ

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ወደ ድኅረ ምረቃ ትምህርት ከመግባቱ በፊት በአዲስ አበባ በሚገኝ አንድ አነስተኛ የአርክቴክቸር ቢሮ ውስጥ ሠርቷል። አንድ ቀን ጠዋት ለቢሮው ከጠበቃ የተላከ ደብዳቤ ደረሰ። ርክክቡ ከተፈጸመ አምስት ዓመት በሞላው ሕንፃ ቤዝመንት ውስጥ ውኃ ገብቶ የአንድ ተከራይ ነጋዴን ዕቃ አበላሽቷል፤ የሕንፃው ባለቤትም ጉድለቱ የመጣው ከውኃ መከላከያው ንድፍ ነው ሲል ካሳ ጠየቀ። የቢሮው መሥራች ደብዳቤውን አንብበው ሲጨርሱ ብዙም አልተደናገጡም። ከመሳቢያቸው አንድ የመድን ውል አውጥተው ጠረጴዛ ላይ አኖሩት። ውሉ የተገዛው ንድፉ በተሠራበት ዓመት ነበር፤ አሠሪው በውሉ ስለጠየቀ ተገዛ፣ ሥራው ሲጠናቀቅ ደግሞ ሳይታደስ ቀረ። መድን ሰጪው የሰጠው መልስ ከአንድ ገጽ አልበለጠም፦ ጥያቄው በቀረበበት ቀን በሥራ ላይ ያለ ውል የለም።

ጉዳዩ በስምምነት አለቀ። ገንዘቡ የተከፈለው ግን ከቢሮው መጠባበቂያ ነበርና በዚያው ዓመት ሁለት ባልደረቦቻችን ከሥራ ተሰናበቱ። ያን ጊዜ በሁላችንም አእምሮ የቀረው ጥያቄ ይህ ጽሑፍ የሚነሣበት ጥያቄ ነው፦ ቢሮው አረቦን ከፍሏል፤ ስህተት ተፈጽሞ ከሆነም የተፈጸመው ሽፋን በነበረበት ዓመት ነው፤ ታዲያ ሽፋኑ ለምን አልደረሰለትም?

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ብሂል መድንን ለማስተዋወቅ አዘውትሮ ይጠቀሳል። ብሂሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ቅጠሉ የትኛውን እሳት እንደሚያጠፋ አይነግረንም። ብዙ ቢሮዎች ለመኪናና ለኮምፒዩተር መድን ይገዛሉ፤ ከሁሉ የከበደው ሥጋታቸው ግን በወረቀት ላይ ያሰፈሩት መስመር ነው።

2. የጽሑፉ ወሰንና ዘዴ

ጽሑፉ የተዘጋጀው ሕግንና የተለመዱ የመድን ውል ድንጋጌዎችን በማንበብና በማነጻጸር ነው። የመድን ድርጅቶችን ዋጋ አያወዳድርም፤ የትኛው ድርጅት ይሻላል የሚል ፍርድም አይሰጥም። በምሳሌነት የቀረቡት የገንዘብ መጠኖች ለስሌት ማስረጃ ብቻ የተወሰዱ ናቸው።

ስለ ሕጉ ማዕቀፍ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ በከፊል በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ቢተካም፣ ስለ መድን ውል የሚደነግገው ሦስተኛው መጽሐፉ በሥራ ላይ ቆይቷል። የመድን ሥራ ፈቃድና ቁጥጥር በአዋጅ ቁጥር 746/2004 እና በማሻሻያው መሠረት ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ተሰጥቷል። በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ለረጅም ጊዜ በገበያው ብቻውን ሲሠራ ቆይቶ፣ በ1986 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ለግል ኩባንያዎች በር ከፈተ። ስለዚህ ዛሬ ገዢው ምርጫ አለው፤ ምርጫ ደግሞ መመዘኛ ይሻል።

3. ኃላፊነቱ ከየት ይመነጫል?

ሽፋን ከመምረጥ በፊት ሊሸፈን የሚገባውን ነገር ማወቅ ይቀድማል። የአንድ ሥነ ሕንፃ ድርጅት ኃላፊነት ከአራት አቅጣጫ ይመጣል።

3.1. ከውል የሚመነጭ ኃላፊነት

አርክቴክቱ ከአሠሪው ጋር የሚፈጽመው የንድፍና የቁጥጥር ውል የመጀመሪያው ምንጭ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1845 መሠረት በውል ላይ የተመሠረተ ክስ የይርጋ ዘመኑ በመርሕ ደረጃ 10 ዓመት ነው። የሕጉ ቁጥር 3039 ደግሞ ሥራ ተቋራጩ ሕንፃውን ካስረከበበት ቀን አንሥቶ ለ10 ዓመት የሥራውን መልካምነትና የሕንፃውን ጽናት እንዲያረጋግጥ ያስገድዳል፤ ይህን ጊዜ የሚያሳጥር ስምምነትም ዋጋ የለውም። ድንጋጌው በስም የሚጠራው ሥራ ተቋራጩን ነው። ነገር ግን በስምንተኛው ዓመት የተከሰሰ ተቋራጭ የመጀመሪያ መከላከያው «የሠራሁት በተሰጠኝ ንድፍ መሠረት ነው» የሚል መሆኑ አይቀርም። በዚህ መንገድ የተቋራጩ የዐሥር ዓመት ዋስትና ወደ አርክቴክቱ ጠረጴዛ ይደርሳል።

3.2. ከውል ውጭ የሚመነጭ ኃላፊነት

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2031 አንድ ባለሙያ የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያዛል፤ በቸልተኝነት የሙያውን ሥርዓት ከጣሰም ኃላፊ ያደርገዋል። ቁጥር 2077 የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ሲደነግግ፣ ባለቤቱ በበኩሉ ጥፋተኛ ነው ወደሚለው ሰው የመመለስ መብት አለው። የዚህ ዓይነቱ ክስ ይርጋ በቁጥር 2143 መሠረት 2 ዓመት ነው።

ሁለት ዓመት አጭር መስሎ ይታያል፤ ልብ ሊባል የሚገባው ግን መቁጠሪያው ነው። ዘመኑ የሚቆጠረው ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ አንሥቶ እንጂ ንድፉ ከተፈረመበት ቀን አይደለም። ዛሬ የተነደፈ የደረጃ መደገፊያ በዘጠነኛው ዓመት ሰው ቢጥል፣ ለተጎጂው ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው በዘጠነኛው ዓመት ነው።

3.3. ከአሠሪነት የሚመነጭ ኃላፊነት

ድርጅቱ ራሱ አሠሪ ነው። በቁጥር 2130 መሠረት ሠራተኛው በሥራው ምክንያት በሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት አሠሪው ይጠየቃል። በሠራተኛው በራሱ ላይ ለሚደርስ የሥራ ጉዳት ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአሠሪውን ጥፋት ሳይጠይቅ ኃላፊነት ያስከትላል። የአርክቴክቸር ቢሮ ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚውል ይመስላል፤ ነገር ግን የሥራ ቦታ ተቆጣጣሪው በእንጨት መወጣጫ ላይ ይወጣል፣ ያልተከለለ የሊፍት ጉድጓድ አጠገብ ይቆማል።

3.4. የድርጅቱ ሕጋዊ ቅርጽ

አንዳንድ ባለሙያዎች ድርጅታቸው ኃላፊነቱ የተወሰነ በመሆኑ መድን የማያስፈልጋቸው ይመስላቸዋል። የ2013 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ባለ አንድ አባል ማኅበርንና ኃላፊነቱ የተወሰነ የሽርክና ማኅበርን ማስተዋወቁ ለባለሙያዎች ጠቃሚ ነው። ሆኖም የማኅበር ቅርጽ የሚጠብቀው አባሉን ከማኅበሩ ዕዳ ነው፤ ንድፉን የፈረመውን ባለሙያ ከራሱ የሙያ ጥፋት አያድነውም። ማኅበሩም ቢሆን ዕዳውን የሚከፍለው ለዓመታት ካካበተው ጥሪት ነው።

4. የሽፋን ዓይነቶችና የማይሸፍኑት ነገር

እያንዳንዱ ሽፋን በሚሸፍነው ብቻ ሳይሆን በሚተወውም ሊታወቅ ይገባል።

የሙያ ኃላፊነት መድን፦ ከንድፍ፣ ከዝርዝር መግለጫ፣ ከቁጥጥርና ከምክር ስህተት የሚመጣን የካሳ ጥያቄና የመከላከያ ወጪ ይሸፍናል። የድርጅቱ ዋና ሽፋን ይህ ነው። በተለመደው አቀራረቡ ሆን ተብሎ የተፈጸመ ጥፋትን፣ ቅጣትን፣ የመዘግየት መቀጫን፣ ከሙያው ልክ በላይ በውል የተገባ ዋስትናን፣ እንዲሁም ውሉ ከመገዛቱ በፊት የታወቀ ችግርን አይሸፍንም።

የሕዝብ ኃላፊነት መድን፦ ወደ ቢሮው የመጣ እንግዳ ተንሸራቶ ቢወድቅ ወይም ሠራተኛው በሥራ ቦታ የሌላን ሰው ንብረት ቢሰብር የሚያገለግል ነው። የሙያ ምክር ስህተትን አይጨምርም። ስሙ ሰፊ በመሆኑ ብዙዎች የሙያውንም የሚያካትት ይመስላቸዋል።

የሠራተኞች የሥራ ጉዳት መድን፦ በሥራ ላይ ለሚደርስ የአካል ጉዳትና ሞት ነው። በፕሮጀክት የተቀጠሩና ለልምምድ የመጡ ወጣቶች በሽፋኑ መካተታቸውን ማረጋገጥ ያሻል።

የንብረት መድን፦ የእሳትና መብረቅ፣ የስርቆት፣ እንዲሁም የኤሌክትሮኒክ ዕቃዎች መድንን ያጠቃልላል። የመሬት መንቀጥቀጥ፣ ጎርፍ፣ ሁከትና አድማ ብዙ ጊዜ በተጨማሪ አረቦን የሚገቡ ናቸው። በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የደረሰው ተደጋጋሚ መንቀጥቀጥ በአዲስ አበባ ጭምር መሰማቱ ይህን ተጨማሪ እንደ ትርፍ ነገር ማየት እንደማይገባ ያስታውሳል።

የተሽከርካሪ መድን፦ የሦስተኛ ወገን ሽፋን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ግዴታ ነው፤ የራስን መኪና ጉዳት የሚሸፍነው ግን በፈቃድ የሚገዛው ነው።

ከእነዚህ ጋር የሚምታቱ ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው ሥራ ተቋራጩ የሚገዛው ሁሉን አቀፍ የግንባታ ሥጋት መድን ነው። ስሙ «ሁሉን አቀፍ» ቢሆንም በተለመደው አቀራረቡ ከንድፍ ስህተት የሚመጣን ጉዳት ያገልላል። ሁለተኛው የሕንፃው ባለቤት የሚገዛው መድን ነው። በንግድ ሕጉ መሠረት ለባለቤቱ ካሳ የከፈለ መድን ሰጪ በከፈለው ልክ በባለቤቱ እግር ተተክቶ ጥፋተኛውን መክሰስ ይችላል። የባለቤቱ መድን ለአርክቴክቱ ከለላ ሊሆን ቀርቶ አዲስ ከሳሽ ሊያመጣበት ይችላል ማለት ነው። ሦስተኛው የቅድመ ክፍያ ወይም የመልካም ሥራ አፈጻጸም ዋስትና ነው። ይህ ሰነድ ከመድን ድርጅት ቢወጣም የሚጠብቀው አሠሪውን ነው፤ ዋስትናውን የከፈለ ድርጅት ገንዘቡን መልሶ የሚጠይቀው ከአማካሪው ነው።

5. የሙያ ኃላፊነት ውል አነባበብ

5.1. የጊዜ ጥያቄ

ሁለት ዓይነት የሽፋን መሠረት አለ። አንደኛው ጉዳቱ በደረሰበት ጊዜ ላይ ይመሠረታል፤ ሁለተኛው የካሳ ጥያቄው በቀረበበት ጊዜ ላይ። የሙያ ኃላፊነት መድን አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ነው።

ልዩነቱን እድር ያስረዳናል። እድርተኛ ወርኃዊ መዋጮውን ለዐሥር ዓመት ከፍሎ ቢወጣ፣ ከወጣ በኋላ ለደረሰበት ሐዘን ድንኳን አይተከልለትም። ቀድሞ መክፈሉ ሳይሆን ሐዘኑ በደረሰ ዕለት አባል መሆኑ ይታያል። በሙያ ኃላፊነት መድንም ጥያቄው በቀረበ ዕለት ውሉ በሥራ ላይ መሆን አለበት። በመግቢያው የተጠቀሰው ቢሮ የወደቀው በዚህ ነው፤ ለፕሮጀክቱ መድን ገዛ፣ ጥያቄው የመጣው ግን ፕሮጀክቱ ካለቀ በኋላ ነበር።

ከዚህ ሦስት ነገሮች ይከተላሉ። በመጀመሪያ፣ ሽፋኑ ሳይቋረጥ በየዓመቱ መታደስ አለበት። ሁለተኛ፣ ውሉ ምን ያህል ወደ ኋላ እንደሚመለስ መታየት አለበት። የኋልዮሽ መነሻ ቀኑ የዛሬው ቀን ከሆነ ትናንት የተሠራው ንድፍ ሁሉ ከሽፋን ውጭ ነው፤ መድን ሰጪ ሲቀየርም አዲሱ ድርጅት የቀድሞውን መነሻ ቀን እንዲቀበል መጠየቅ ይገባል። ሦስተኛ፣ ድርጅቱ ሲዘጋ ወይም መሥራቹ በጡረታ ሲሰናበት ጥያቄ የማቅረቢያ ጊዜው እንዲራዘም መደራደር ያስፈልጋል። ቢሮ ይዘጋል፤ የነደፋቸው ሕንፃዎች ግን ቆመው ይቀራሉ።

5.2. የካሳ ጣሪያ

«10 ሚሊዮን ብር» የሚል ጣሪያ ብቻውን ትርጉም የለውም። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ነው ወይስ ለዓመቱ ጥያቄዎች ሁሉ በድምሩ? የጠበቃና የባለሙያ ምስክር ወጪ ከጣሪያው ውስጥ ይቀነሳል ወይስ በተጨማሪነት ይከፈላል? እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች አንድን ጣሪያ በግማሽ ሊያሳንሱት ይችላሉ።

5.3. የመድን ገቢው ድርሻ

መድን ገቢው ከእያንዳንዱ ጥያቄ ራሱ የሚሸከመው መጠን በቁርጥ ወይም በመቶኛ ሊቀመጥ ይችላል። መቶኛው በትልቅ ጥያቄ ጊዜ ይከብዳል፤ ቁርጡ በትናንሽ ጥያቄዎች ጊዜ። ልኩ ድርጅቱ ነገ ጠዋት ሳይበደር ሊከፍለው የሚችለው ገንዘብ ነው።

5.4. የንዑስ አማካሪዎች ጉዳይ

አርክቴክቱ የስትራክቸር፣ የኤሌክትሪክና የሳኒተሪ ንድፉን ለሌሎች ባለሙያዎች ቢሰጥም ከአሠሪው ጋር የተዋዋለው እርሱ ከሆነ ተጠሪው እርሱ ነው። ስለዚህ የራሱ ውል የንዑስ አማካሪዎችን ስህተት መሸፈኑን፣ እነርሱም የየራሳቸው መድን እንዳላቸው ማረጋገጥ አለበት። ማረጋገጫው የቃል ሳይሆን በየዓመቱ የሚቀርብ ሰነድ ሊሆን ይገባል።

5.5. የመግለጥና የማሳወቅ ግዴታ

የንግድ ሕጉ መድን ገቢው ስለ ሥጋቱ የሚያውቀውን ሁሉ በትክክል እንዲገልጥ ያስገድዳል፤ ሆን ተብሎ የተደበቀ ወይም በሐሰት የተነገረ ነገር ውሉን ሊያፈርስ ይችላል። «መኖሪያ ቤቶችን እንነድፋለን» ብሎ ሞልቶ ባለ ዐሥር ፎቅ የንግድ ሕንፃ የሚነድፍ ቢሮ የገዛው ሽፋን ሳይሆን ክርክር ነው። እንዲሁም ስንጥቅ መታየቱን ወይም አሠሪው ቅር መሰኘቱን የሚገልጽ ደብዳቤ እንደደረሰ ለመድን ሰጪው ማሳወቅ ይገባል። ውሉ በሚፈቅደው መሠረት በጊዜው የተነገረ ሁኔታ ኋላ ወደ ክስ ቢያድግ በተነገረበት ዓመት ውል ሊስተናገድ ይችላል። በአንጻሩ ኃላፊነትን በጽሑፍ አምኖ መቀበል ወይም ያለ መድን ሰጪው ፈቃድ መስማማት ካሳውን ሊያሳጣ ይችላል። ከመድን ውል የሚነሣ ጥያቄም በንግድ ሕጉ በ2 ዓመት ይርጋ እንደሚታገድ መዘንጋት አይገባም።

6. በቁጥር የተደገፈ ማነጻጸሪያ

ስምንት ሠራተኞች ያሉት አንድ ቢሮ ሁለት አማራጮች ቀረቡለት እንበል። «ሀ» ውል ለዓመቱ በድምሩ 5,000,000 ብር ጣሪያ ያለው፣ የመከላከያ ወጪን ከጣሪያው ውስጥ የሚቆጥር፣ የመድን ገቢው ድርሻ ከካሳው 10 በመቶ የሆነ ነው። «ለ» ውል ለእያንዳንዱ ጥያቄ 10,000,000 ብር ጣሪያ ያለው፣ የመከላከያ ወጪን ለብቻው የሚከፍል፣ የመድን ገቢው ድርሻ በቁርጥ 300,000 ብር የሆነ ነው። የ«ለ» አረቦን በዓመት በ150,000 ብር ይበልጣል።

የ8,000,000 ብር ካሳና የ500,000 ብር የመከላከያ ወጪ ያለበት ጥያቄ ቢቀርብ፣ ጠቅላላው 8,500,000 ብር ነው። በ«ሀ» ውል የቢሮው ድርሻ 800,000 ብር ሲቀነስ ቀሪው 7,700,000 ብር ይሆናል፤ መድን ሰጪው ግን ከ5,000,000 ብር አያልፍም። ቢሮው በጠቅላላው 3,500,000 ብር ይሸከማል። በ«ለ» ውል የሚሸከመው 300,000 ብር ብቻ ነው። ልዩነቱ 3,200,000 ብር፣ ማለትም ከ21 ዓመት የአረቦን ልዩነት በላይ ነው።

ሆኖም ውጤቱ ሁልጊዜ አንድ አይደለም። ቢሮው አነስተኛ መኖሪያ ቤቶችን ብቻ የሚነድፍና ሊደርስበት የሚችለው ከባድ ጥያቄ 2,000,000 ብር ከሆነ፣ በ«ሀ» የሚሸከመው 200,000 ብር፣ በ«ለ» 300,000 ብር ነው። ለዚህ ቢሮ ርካሹ ውል የተሻለው ውል ነው። ስለዚህ ጣሪያ የሚመረጠው የሌላ ቢሮን በማየት ወይም የፕሮጀክቱን ጠቅላላ ዋጋ በመውሰድ ሳይሆን፣ ሊደርስ የሚችለውን ከባድ ጉዳት በመገመት ነው፦ ለማፍረስና መልሶ ለመሥራት ስንት፣ ለተከራይ ስንት፣ ለክርክር ስንት ይወጣል?

በንብረት በኩል ሌላ ወጥመድ አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚገቡ ኮምፒዩተሮችና የቅየሳ መሣሪያዎች የብር ዋጋ አሻቅቧል። በ1,500,000 ብር መድን የተገባላቸው መሣሪያዎች ዛሬ ለመተካት 3,000,000 ብር የሚያስፈልጋቸው ከሆነ፣ ንብረቱ በግማሽ ዋጋው ብቻ መድን ተገብቶለታል። የ800,000 ብር ዕቃ ቢሰረቅ የመመጣጠን ደንቡ ካሳውን ወደ 400,000 ብር ያወርደዋል። አረቦኑ በየዓመቱ በጊዜው ቢከፈልም የመድኑ መጠን ካልተከለሰ ውጤቱ ይኸው ነው።

ስለ ሠራተኞችም እንዲሁ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በጡረታ ሕግ ላልተሸፈነ ሠራተኛ ለዘለቄታ ሙሉ የአካል ጉዳት የዓመት ደመወዙን አምስት እጥፍ ይደነግጋል። በወር 20,000 ብር ለሚከፈለው የሥራ ቦታ ተቆጣጣሪ ይህ 1,200,000 ብር ነው። ለጊዜያዊ ጉዳት ደግሞ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹን ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ያሉትን ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈላል።

7. የአመራረጥ ቅደም ተከተል

ከላይ ከተነገረው በመነሣት ይህ ጽሑፍ የሚከተለውን ቅደም ተከተል ያቀርባል።

አንደኛ፣ ድርጅቱ ባለፉት 10 ዓመታት የነደፋቸውንና የተቆጣጠራቸውን ሥራዎች ከርክክብ ቀናቸው ጋር ይዘርዝር። ይህ ዝርዝር የኃላፊነቱ መዝገብ ነው።

ሁለተኛ፣ ሥራ ላይ ያሉትን ውሎች ያንብብ፤ የተጠየቀውን የመድን መጠንና ከሙያው ልክ በላይ የገባውን ቃል ለይቶ ያውጣ። ዓለም አቀፍ የገንዘብ ምንጭ ባላቸው ሥራዎች የሚያገለግለው የፊዲክ የአማካሪዎች ውል ስለ መድን የራሱ ድንጋጌ እንዳለው ያስታውስ።

ሦስተኛ፣ ሥጋቶቹን በሁለት ይክፈል፦ ቢደርሱ ድርጅቱን የሚያዘጉና ድርጅቱ ራሱ ሊሸከማቸው የሚችሉ። ገንዘብ ውስን ከሆነ አረቦኑ በቅድሚያ ለመጀመሪያዎቹ ይዋል። የተሰበረ ፕሪንተር ቢሮ አያዘጋም፤ የተሰነጠቀ አምድ ሊያዘጋ ይችላል።

አራተኛ፣ በአንድ ዓይነት የጽሑፍ መጠይቅ ቢያንስ ከሦስት መድን ሰጪዎች ዋጋ ይጠይቅ። የመድን ወኪል የሚወክለው ድርጅቱን፣ ደላላ ግን ገዢውን መሆኑን አውቆ ይቅረባቸው። ከፍተኛ ጣሪያ ያለው ሽፋን የጠለፋ መድን ስምምነት ሊጠይቅና ጊዜ ሊወስድ ስለሚችል ውል በሚፈረምበት ሳምንት ሳይሆን አስቀድሞ ይጀመር።

አምስተኛ፣ የቀረቡትን አማራጮች በአረቦን ብቻ ሳይሆን በስድስት ነጥብ ያነጻጽር፦ የኋልዮሽ መነሻ ቀን፣ የጣሪያው ዓይነት፣ የመከላከያ ወጪ፣ የራስ ድርሻ፣ የንዑስ አማካሪዎች ሽፋንና ከሽፋን ውጭ የተደረጉ ጉዳዮች። የተስማሙበት ሁሉ በጽሑፍ በውሉ ይስፈር።

ስድስተኛ፣ አንድ ሰው በኃላፊነት ይመደብ። የእድሳት ቀንን፣ የንብረት ዋጋ ክለሳን፣ የንዑስ አማካሪዎችን ሰነድና የቅሬታ ደብዳቤዎችን የሚከታተል ሰው ከሌለ የተሻለው ውልም ከመሳቢያ አይወጣም።

8. መደምደሚያ

መድን ጥሩ ንድፍን አይተካም። የአፈር ምርመራን፣ የንድፍ ክለሳን፣ በሥራ ቦታ የተጻፈ ማስታወሻን የሚተካ ፖሊሲ የለም፤ እነዚህ በሌሉበትም መከላከያ ማቅረብ ያስቸግራል። መድን የሚያገለግለው ጥንቃቄ ተደርጎም ለሚያመልጥ ስህተት ነው።

በመግቢያው ለተነሣው ጥያቄ መልሱ እንግዲህ ግልጽ ነው። ቢሮው መድን የገዛው ለፕሮጀክቱ ዕድሜ ሲሆን፣ ኃላፊነቱ የቆየው እንደ ሕንፃው ዕድሜ ነበር። ያ ቢሮ ዛሬ ሽፋኑን ሳያቋርጥ ያድሳል፤ ትምህርቱን ያገኘው ግን በሁለት ሰዎች እንጀራ ነው። በሥነ ሕንፃ ትምህርት ቤቶቻችን የሙያ አሠራር ኮርስ ውስጥ አንድ የመድን ውል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ ከተማሪዎች ጋር ቢነበብ፣ ይኸው ትምህርት በአንድ የክፍል ክፍለ ጊዜ ሊገኝ ይችላል። ወደፊት የሚደረግ ጥናት በየቢሮው ያሉ ውሎችን ሰብስቦ የኋልዮሽ መነሻ ቀናቸውንና የጣሪያቸውን ዓይነት ቢያነጻጽር ለሙያ ማኅበራትም ለመድን ሰጪዎችም ጠቃሚ ይሆናል።